ጃይፑር የመጻሕፍት ፌስቲቫል ሄዶ የሚያውቅ አለ? ዕቁብ ወጥቶልኛል

የኮዬዋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። አንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሰፈራችን ኮሚዩናል ውስጥ የንባብ ክበብ አለን። ክበብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የእድር ወንበሮች፣ አንድ የብረት ቁምሳጥን፣ ልጆች ሲሻሙባቸው ጀርባቸው የተገነጠለ መጻሕፍት፣ በቃ ይኸው ነው። ሰርግ ወይም ሐዘን ካለ አዳራሹ ይያዛል፣ እኛም ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን እናነባለን።

ለምን ጻፍኩ? ዕቁብ ወጣልኝ። የመምህራን ዕቁብ ስለሆነ ብሩ ብዙ አይደለም። ግን ካጠራቀምኳት ጋር ሲደመር ህንድ ደርሶ መልስ ያስኬዳል። እህቴ «ሶፋ ቀይሪበት» ትላለች። ባለቤቴ ምንም አላለም። እሱ ዝም ሲል ደግሞ ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ።

ጃይፑር ላይ በየዓመቱ የሚደረገውን የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል በዩቲዩብ ነው የማየው። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው ሌሊት ነው። በርሜሉ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ አንዱን ውይይት እከፍታለሁ። ደራሲ ሲያወራ፣ ሰው ሣር ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጥ፣ ልጆች እጅ አውጥተው ሲጠይቁ። ከዚያ በርሜሉ ይሞላና ይፈሳል፣ ባለቤቴ ይነሳል፣ ሌላ ጉዳይ ይመጣል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ዩቲዩብ ላይ በነጻ ያለን ነገር ለማየት እዚያ ድረስ መሄድ ሞኝነት ነው? ጸሐፊ አይደለሁም፣ የማሳትመው መጽሐፍም የለኝም። ተጋባዥም ጋዜጠኛም ያልሆነ ሰው እዚያ ምን ያደርጋል? ለብቻዋ ለምትሄድ ሴትስ እንዴት ነው? ደግሞ ጥር ላይ ነው ይባላል። ጥምቀትን ልዘለው ነው ማለት ነው? ይቺኛዋ ለእናቴ መልስ የምሰጥባት ናት።

የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ያልሄዳችሁም አስተያየት ከመስጠት እንደማትመለሱ አውቃለሁ፣ በርቱ።

ገላን ጨርቃጨርቅ፦

እህቴ፣ ሂጂ። ሶፋው የትም አያመልጥም።

ማስተርሴን የሠራሁት ጃይፑር ነው፣ በጨርቃጨርቅ። አሁን ገላን አካባቢ አንድ ፋብሪካ ነው ያለሁት። እዚያ በነበርኩበት ጊዜ ፌስቲቫሉ በመጣ ቁጥር ከላብራቶሪ እየጠፋሁ ሄጃለሁ። ሥነ ጽሑፍ ያጠናሁ ሰው አይደለሁም። እንደ ተራ ተመልካች ነው የምነግርሽ።

በጥምቀቱ ልጀምር፣ እናትሽ እንዳይቆጡ። ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚውል በኛ ብዙውን ጊዜ ጥር ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ ወሩን በኛ) የተከፈተው ልክ በጥር 11 ነበር። ዛንዚባር የተወለደው የኖቤል ተሸላሚ አብዱልራዛቅ ጉርናህ የመክፈቻ ንግግር ሲያደርግ ስልኬ በጃንሜዳ ፎቶ ተጥለቅልቆ ነበር። በ2025 ግን ከጥር 22 እስከ 26 ነው የዋለው፣ ጥምቀቱም ቃና ዘገሊላውም ካለፈ በኋላ። በ2026 ደግሞ ከጥር 7 እስከ 11። ስለዚህ ቀኑ ሳይታወጅ ትኬት እንዳትቆርጪ።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ዩቲዩብ ላይ ያለውን ለማየት ከሆነ አትሂጂ። ይህን በግልጽ ልንገርሽ። ትልልቆቹ ስሞች የሚናገሩበት መድረክ ላይ ከስክሪኑ የተሻለ ነገር አታገኚም። ፊተኞቹ ወንበሮች ብዙ ለከፈሉት ይያዛሉ። አንቺ ከኋላ ቆመሽ የሰው ጀርባ ታያለሽ። ኦፕራ ዊንፍሬይ በ2012 ስትመጣ የነበረውን ግፊያ የከተማው ሰው እስካሁን ያወራዋል። የበዓል ዋዜማ መርካቶን አስቢ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው መጽሐፍ ይዟል ብለሽ ጨምሪበት።

እዚያ መሄድ ያለብሽ ካሜራው ለማያሳየው ነው።

ለምሳሌ ተማሪዎቹን። ፌስቲቫሉ ለብዙ ዓመታት መግቢያው በነጻ ነበር። አሁንም ርካሹ ምዝገባ ብዙ ሰው ያስገባል። ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ከነዩኒፎርማቸው በመምህራቸው እየተነዱ ይመጣሉ። አንዴ ፊርማ የሚሰጥበት ሰልፍ ላይ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። መጽሐፍ የመግዛት አቅም የላቸውም መሰለኝ፣ የያዙት የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ደራሲዋ ግራ ተጋባች። አንዷ ልጅ ደብተሯን ገለጠችና የሒሳብ የቤት ሥራዋ ካለበት ገጽ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ገጽ በመዳፏ ድጣ ያዘችላት። ደራሲዋ ፈረመች። ከዚያ ሰልፉ ሁሉ ደብተር ሆነ። አስተማሪ ስለሆንሽ ነው ይህን ያነሳሁልሽ። ዩቲዩብ ላይ የለም።

ሌላው ትንንሾቹ መድረኮች ናቸው። በአንድ ሰዓት ላይ በየድንኳኑና በየአዳራሹ የተለያየ ነገር ይካሄዳል። እንግሊዝኛው ይበዛል፣ ግን በሂንዲ፣ በራጃስታንኛ፣ በሌሎችም የህንድ ቋንቋዎች የሚደረጉ አሉ። ሰዎቹ በሕገ መንግሥታቸው ዝርዝር የሰፈሩ 22 ቋንቋዎች አሏቸው። ባይገባሽም አንዴ ግቢ። የሂንዲ ገጣሚ ሲያነብ አዳራሹ «ዋህ! ዋህ!» እያለ ስንኙን ያስደግመዋል። እኛ ዘንድ ሰምና ወርቅ የገባው ሰው «ይደገም!» የሚለውን ታውቂው የለ? እሱ ነው። ቋንቋውን ሳልሰማ አጨብጭቤ ወጥቻለሁ።

አንድ ምክር ብቻ ብትወስጂ ይህን ውሰጂ፦ በቀን ከሁለት ወይም ከሦስት ውይይት በላይ አትግቢ። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ምንም አያምልጠኝ ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ ከድንኳን ድንኳን ይሮጣል። በሦስተኛው ቀን ማን ምን እንዳለ ይደባለቅበታል። መጀመሪያ አንድ የምታውቂውን ሰው ስሚ። ከዚያ ስሙን ሰምተሽ የማታውቂውን። ከዚያ ሻይ ይዘሽ ቁጭ በይ። ሻዩ በሸክላ ስኒ ነው የሚቀርበው፣ ወተት የበዛበት፣ ዝንጅብልና ሄል ያለው። ስኒው ታጥቦ አይመለስም፣ ጠጥተሽ ትጥይዋለሽ። እኔ መጣል እያሳሰተኝ ክፍሌ ውስጥ ሰበሰብኩት፣ የዶርም ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ወሬ የሚገኘው እዚያ ሻይ ቤቱ ጋ ነው። አጠገብሽ የሚቀመጠው ሰው ጡረታ የወጣ ዳኛ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከሌላ ክፍለ ሀገር በሌሊት ባቡር የመጣ የኮሌጅ ልጅ። ኢትዮጵያዊ ነኝ ስትዪ ወዲያው ይጠይቁሻል፦ ምን ትጽፋላችሁ? በምን ፊደል? ፊደል ገበታ በወረቀት ይዘሽ ብትሄጂ እንዴት እንደሚሻሙሽ ታያለሽ።

ቦታውን በተመለከተ፦ የድሮ ጽሑፎች ዲጊ ፓላስ ይላሉ። እስከ 2020 እዚያ ነበር። በ2021 በኮቪድ ምክንያት በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ። ከ2022 ጀምሮ ክላርክስ አመር ሆቴል ግቢ ነው የሚደረገው። ይህን የምልሽ ለማደሪያሽ ነው። ሆቴሉ ያለው በደቡብ በኩል፣ ወደ አየር ማረፊያው አቅጣጫ ነው። ሮዝ የተቀባው አሮጌው ከተማ ደግሞ በሰሜን። ሜትሮው አሮጌው ከተማ ይገባል፣ ሆቴሉ ጋ ግን አይደርስም። አሮጌው ከተማ ውስጥ ካደርሽ ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ላይ ነሽ። ለእኔ ምርጫው ግልጽ ነው፦ የፌስቲቫሉን ቀናት ሆቴሉ አካባቢ፣ ሲያልቅ አሮጌው ከተማ።

ታሪኩ ደግሞ ደስ ይላል። በ2006 ሲጀመር ሰው አልነበረም። ከናሚታ ጎካሌ ጋር ሆኖ የሚመራው ዊሊያም ዳልሪምፕል ራሱ እየሳቀ የሚያወራው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ንባቡ ላይ የተገኘው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፣ አብዛኞቹም መንገድ ጠፍቷቸው የገቡ የጃፓን ቱሪስቶች። ለኮሚዩናሉ ክበብሽ ንገሪያቸው።

ሁሉም ነገር ማር ነው እንዳልልሽ። የስፖንሰር ማስታወቂያ ዓይን ያደክማል። ፖለቲካም ይገባበታል። በ2012 ደራሲው ሰልማን ሩሽዲ ሊመጣ ተጠርቶ በተቃውሞና በማስፈራሪያ ቀረ። በቪዲዮ ሊናገር የነበረውም ተሰረዘ። ማታ ማታ ያለው ሙዚቃ ለብቻው ትኬት አለው፣ እሱን ዝለይው። ሙዚቃ ከፈለግሽ ጠዋት ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት የሚጫወቱ አሉ፣ በዚያው መግቢያ።

ሰዓቱንም ተጠንቀቂ። ህንድ ከኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ተኩሏ ናት የምታምታታው። ፕሮግራሙ ላይ 10 የሚለው በኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ልጅ ሆነን የተማርነውን ማንም አይረሳውም ብለሽ አትመኚ። ሌሊት ተጉዞ ያላንቀላፋ አንጎል የሚያደርገውን አያውቅም።

ጠዋቱ ይበርዳል። ሰው ህንድ ሲባል ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ጃይፑር በጥር ጠዋት የኮዬን ብርድ ያስንቃል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ጃኬትሽን ታወልቂያለሽ። ጋቢ ያዢ። የእነሱም ሰው ሻል ተከናንቦ ነው የሚመጣው፣ ማንም ዞሮ አያይሽም።

ጡረተኛ ከሱሉልታ፦

ልጄ፣ ደስ ይበልሽ ዕቁብሽ ወጣ። እኔ ግን ትንሽ ልቃወም።

በንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተማሩን ህንዶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ። በዚያ ብርድ አገር፣ መብራት በሌለበት፣ ኩራዝ እያበሩ ደብተር አርመዋል። ህንድን የማውቃት በእነሱ ነው። ስለዚህ አገሩን ጠልቼ አይደለም።

ግን የትኬቱን ዋጋ አስቢው። ያ ብር ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ቢወርድ ቁምሳጥንሽ አይበቃውም። የእናንተ ሰፈር ልጅ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለመድረስ ስንት ታክሲ ይቀያይራል? መጽሐፉ ወደ ልጁ ቢሄድ አይሻልም? ለአምስት ቀን ወሬ አገር አቋርጦ መሄድ የኛ ዘመን ሰው አይገባውም።

ከሄድሽ ግን አንድ አደራ። እዚያ ካሉት የታሪክ ሰዎች መካከል ስለ ማሊክ አምበር የሚያውቅ ፈልጊና አናግሪ። በ1548 እ.ኤ.አ. ገደማ እዚህ እኛ አገር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሽጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ደቡብ ህንድ ደካን ደረሰ። ባርያ ሆኖ ገብቶ የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን ሙጋሎች ለዓመታት ያስቸገረ የጦር መሪ ነው። ካድኪ ብሎ የቆረቆረው ከተማ በኋላ አውራንጋባድ ተብሏል። ሞቱ በ1626 ነው። የኛ ልጆች ስሙን እንኳ አልሰሙም። ኮሚዩናል ውስጥ አንድ ቅዳሜ ይህን ብትነግሪያቸው ዕቁብሽ ተመለሰ።

እናት ዓለም ከአያት፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔ ትሂድ ባይ ነኝ። ሴት ልጅ ዕቁቧን ሶፋና መጋረጃ ላይ ስትጨርስ ማንም አይቃወምም እኮ።

እኔ ህንድ የሄድኩት እናቴን ለማሳከም ነው፣ ዴልሂ። እሷ ስታገግም እህቴ መጥታ ተካችኝና ጃይፑርን አየሁ። ፌስቲቫሉን አልደረስኩበትም። መንገዱን ግን አውቀዋለሁና ስለሱ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የቢጫ ወባ ክትባት። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ህንድ የክትባት ካርዱን ትጠይቃለች፣ ቀልድ የላትም። ካርዱ የሚሠራው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከሌለሽ ለይተው ያቆዩሻል። አንዴ ከተከተብሽ ዕድሜ ልክ ነው፣ ካርዱን ብቻ አትጣዪ።

ቪዛውን ራስሽ ጨርሺ። እኔ በሰው ተመክሬ ለአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ከፈልኩ። ያደረገልኝ ነገር ቢኖር እኔው የሞላሁትን ፎርም ማተም ነው። የኤምባሲውን ድረ ገጽ ተከተዪ፣ ከዚያ ውጭ ማንንም አትስሚ። ዶላር ከባንክ ስትጠይቂ ቪዛና ትኬት አሳዪ ስለሚሉሽ ቅደም ተከተሉን አስቢበት።

ከአዲስ ዴልሂ ቀጥታ በረራ አለ። ከዴልሂ ጃይፑር ወደ 270 ኪሎ ሜትር ነው። ፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ችግሩ ጉም ነው። በዚያ ወር ዴልሂ ላይ የሚወርደው ጉም ሌላ ነው። አውሮፕላንም ባቡርም ያዘገያል። ስለዚህ ፌስቲቫሉ በሚከፈትበት ቀን ጠዋት እደርሳለሁ ብለሽ አታስቢ፣ ቀደም ብለሽ ግቢ። ስትመለሺም ባቡሩንና በረራሽን በአንድ ቀን አታጣብቂ። የባቡር ትኬት ቶሎ ስለሚያልቅ ቀኑ እንደታወቀ ቁረጪ።

ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት፦ ቀን ቀን ምንም አላጋጠመኝም፣ ከማፍጠጥ በቀር። ፎቶ እንነሳ የሚል ይበዛል፣ ደስ ካላለሽ «አይሆንም» ብለሽ እለፊ። ማታ ግን በእግርሽ አትዙሪ። ኡበርና ኦላ የሚባሉ በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች አሉ። ለሴቶች ብቻ የሚሆን ክፍል ያላቸው ሆስቴሎችም አሉ፣ ዋጋቸውም አይጎዳም።

አሁን ስለ ጾም። ፌስቲቫሉ አምስት ቀን ስለሆነ ከረቡዕና ዓርብ አንዱ ወይም ሁለቱም ሊገቡበት ይችላሉ። እንደ 2026 ከዋለ ደግሞ ገሃድም አለ። ጃይፑር ሥጋ የሌለው ምግብ ቤት መዓት ነው። ምልክቱ አረንጓዴ ነጥብ ነው። ግን አረንጓዴ ነጥብ አየሁ ብለሽ እንዳትታለዪ፣ ቅቤና ወተት በየቦታው ነው። ምስሩ ላይ ቅቤ ያፈሱበታል፣ ቂጣው በቅቤ ይታሻል። ዳል ባቲ የሚባለው የአገሩ ምግብ ኳስ የሚያክል የስንዴ ዳቦ ነው፣ ተሰብሮ ቅቤ ይጠጣል። የፍስክ ቀን ብዪው፣ ይጣፍጣል። በጾም ቀን ግን ስታዢ «ጊ የለም፣ ዱድ የለም፣ ፓኒር የለም» በይ። ጊ ቅቤያቸው ነው፣ ዱድ ወተት፣ ፓኒር ደግሞ አይባቸው። እኔ ሽሮና በሶ ይዤ ሄጄ ነበር፣ በሶው አዳነኝ።

የኮዬዋ መምህርት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም።

ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፣ ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። ግን ለራሴ ብዬ ያደረግኩት ነገር መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ማሊክ አምበርን ግን አልጠበቅኩም፣ ትናንት ቅዳሜ ለልጆቹ ነገርኳቸው። አንዱ «ታዲያ ለምን ወደ ቤቱ አልተመለሰም?» አለኝ። እርስዎ ምን ይመልሱለታል? አውራንጋባድስ ከጃይፑር ቅርብ ነው?

ገላን፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ለክበቡ መጽሐፍ ይዤ መምጣት እፈልጋለሁ። ለልጆች የሚሆን ምን አለ? ደግሞ ፌስቲቫሉ ሲያልቅ አንድ ቀን ትርፍ ቢኖረኝ የት ልሂድ? ሁሉም ሰው ሐዋ ማሐል ሐዋ ማሐል ይላል።

ጡረተኛ ከሱሉልታ፦

ልጄ፣ አውራንጋባድ ሩቅ ነው። ሌላ ክፍለ ሀገር ነው፣ ማሃራሽትራ። በዚህ ጉዞ አታስቢው። ለልጁ እንዲህ በይው፦ የተሸጠ ሰው መንገዱን አያውቀውም፣ ሲያውቀው ደግሞ ጦር የሚያዝ ሰው ሆኖ ነበር፣ ልጆችም ወልዶ ነበር። ጥያቄው ግን ከእኔ ይበልጣል። ጎበዝ ልጅ ነው።

ለሶፋውም አትዘኚ። ሂጂ እንግዲህ።

ገላን ጨርቃጨርቅ፦

ጋሼ ከፈቀዱ በቃ አለቀ።

መጽሐፍ፦ እዚያ የታተመ የወረቀት ሽፋን መጽሐፍ እኛ ጋ ከሚገባው ብዙ ይረክሳል። ከ300 እስከ 600 ሩፒ ባለው ጥሩ ልብ ወለድ ታገኚያለሽ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው መጽሐፍ መሸጫ ይጨናነቃል፣ የፈለግሽውን አይተሽ ስሙን ያዢና ከተማው ውስጥ ግዢ። ክብደቱን ግን አትርሺ፣ መጽሐፍ ሻንጣ ይበላል።

ለልጆች ከሆነ ከመሄድሽ በፊትም የምትጀምሪው ነገር አለ። ፕራታም ቡክስ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ የህንድ አሳታሚ አለ። በ2015 ስቶሪዊቨር የሚል ድረ ገጽ ከፍተዋል። የልጆች ተረቶች ከነሥዕላቸው በነጻ ይወርዳሉ። መተርጎም፣ ማተም፣ ማባዛት ይፈቀዳል፣ የጸሐፊውንና የሠዓሊውን ስም እስከጠቀስሽ ድረስ። ክፍልሽ ያሉት ልጆች ራሳቸው አንዱን ወደ አማርኛ ቢመልሱትና ት/ቤቱ ፕሪንተር ላይ ብታወጡት፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ የእነሱ ሥራ ይገባል። ጋሼም ደስ ይላቸዋል፣ ምንም ብር አልወጣም።

ትርፍ ቀን፦ ሐዋ ማሐልን ከመንገዱ ማዶ ቆመሽ እይው። በ1799 የተሠራ ነው፣ 953 መስኮት አለው። የቤተ መንግሥት ሴቶች ሳይታዩ መንገዱን እንዲያዩ ነው የተሠራው። ከውጭ ነው የሚያምረው። ጃንታር ማንታር ግን ግቢ። ከተማዋን በ1727 የቆረቆረው ሳዋይ ጃይ ሲንግ ያሠራው የፀሐይና የከዋክብት መለኪያ ነው። አንዱ የፀሐይ ሰዓት 27 ሜትር ይረዝማል፣ ጥላው ሲንቀሳቀስ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ሮዙ ቀለም ደግሞ በኋላ የመጣ ነው፣ በ1876 የእንግሊዝ ልዑል ሊመጣ ነው ተብሎ የተቀባ። እንግዳ ሲመጣ አጥር መቀባት የኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እኔ ብሆን ግን ያቺን ቀን ሳንጋኔር አሳልፋታለሁ። አየር ማረፊያው አጠገብ ነው። ጨርቅ በእንጨት ማኅተም በእጅ የሚያትሙበት ሰፈር ነው። ሰውየው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ይወጥራል። ማኅተሙን ቀለም ያስነካና ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ በጡጫው ጎን አንዴ ይመታዋል። ጧ! ያነሳዋል። ቀጥሎ ያለውን ያለ ማስመሪያ፣ ካለፈው ጠርዝ ጋር ያጋጥመዋል። መጀመሪያ የአበባው መስመር ብቻ ይታተማል፣ ሌላ ሰው ከኋላ መጥቶ በሌላ ማኅተም ውስጡን ይሞላል። እኔ በላብራቶሪ ማሽን የማልደርስበትን ልክ እሱ በዓይኑ ይይዘዋል። ከሥራው ቦታ ግዢ፣ ባዛር ላይ በማሽን የታተመውን የእጅ ነው ብለው ይሸጡልሻል። ጨርቁን ገልብጠሽ እይው። የእጁ ቀለም ወደ ጀርባው ይዘልቃል፣ ልኩም እዚህም እዚያም ትንሽ ይዛነፋል። ፍጹም እኩል ከሆነ ተዪው። ለሶፋ ልብስ የሚሆን ስፋት ያለውም አለ፣ እህትሽን ዝም ታሰኚበታለሽ።

የኮዬዋ መምህርት፦

ሃሃ! የሶፋ ልብስ። ባለቤቴን አነበብኩለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ስንት ሜትር ነው የሚያስፈልገን?» አለኝ።

ፓስፖርቴ ጊዜው ሊያልፍ ስለሆነ ለማደስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ክትባቱን በዚያው ሳምንት እወጋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጋቢው ሻንጣዬን ግማሹን ያዘው። ምን ይሻለኛል?

እናት ዓለም ከአያት፦

ልበሺው እንጂ! አውሮፕላኑም ይበርዳል። ሻንጣው ውስጥ በሶውን ክተቺ።